ከምርቃና በኋላ ሁሉም ገል ይገጥማል

በሽኝቴ ቀን መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ድሬዳዋ ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ ጋቢ! ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ቆሜ ሳለ ኃላፊያችን ማይኩን አነሳና፣ "ሙክታር እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ ከጥንት ሰዎች ጋር የኖረ ሰው ነው፤ አንዲት ጥያቄ ይመልስልንና እናሰናብተው" አለ። ጥያቄውን ሳይናገረው አወቅኩት። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ዶሚኖ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች፣ መጋላ ገበያ ሱቅ ያላቸው የእናቴ ወገን ሶማሌዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ የሚስቴ እህቶች፣ ሁሉም ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ እሱኑ ነው።

"ሐርላዎቹ እውነት ግዙፎች ነበሩ ወይስ አልነበሩም?"

"አላውቅም" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተጫወተ ብለው ነው። ወላሂ አልተጫወትኩም! ሰው ሥራ ሲጀምር ግራ ይገባዋል፣ እየዋለ እያደረ ይለምደዋል፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ አዋቂ ተብሎ ይወጣል። እኔ ግራ እንደገባኝ ገብቼ ግራ እንደገባኝ ወጣሁ። በመሀል አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። እሱም ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ጠፋኝ። ይህን የምጽፈው ያንን ከሰዓትና ያንን ጠዋት ላስታርቃቸው ብዬ ነው፣ ከሆነልኝ።

ለማያውቅ ሰው ግን ከሥሩ ልጀምርለት። በሐረር መንገድ ከከተማችን ወጣ ብሎ አንድ መንደር አለ። እርሻው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም ዝም ብሎ ድንጋይ አይደለም፣ የፈረሰ ግንብ ነው፣ የመቃብር ክዳን ነው። ገበሬው ሲያርስ ዶቃ ይወጣል፣ የመስታወት አምባር ስባሪ ይወጣል፣ ማንም የማያነበው ሳንቲም ይወጣል። የአገሬው ሰው እንዲህ ይላል፦ በድሮ ዘመን እዚህ ሐርላ የሚባሉ ግዙፍ ሰዎች ነበሩ፤ አስር ሰው የማይገፋውን ድንጋይ አንዱ በብብቱ ይዞ ይሄድ ነበር። ሀብት በዛባቸውና ጠገቡ። ልጃቸውን ሲድሩ የሙሽራዋን እግር አቧራ እንዳይነካው መንገዱ ላይ ዳቦ አነጠፉ። አላህ ተቆጣ፣ ዝናብ ቀረ፣ እነሱም ድንጋይ ሆነው ቀሩ። ይህን የማያውቅ ሰው ድሬ ውስጥ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ የእነዚህን ሰዎች የተሰበረ ዕቃ መልሶ መግጠም ነበር።

ወደ ሥራው የገባሁት በጫማ በኩል ነው። መጋላ ውስጥ ጫማ ሰፊ ነበርኩ፣ አግብቼም ወልጄም ነበር። አንድ ቀን ካኪ ሱሪው በደንብ የተተኮሰ አንድ ቀጭን ሰውዬ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ይዞ መጣ። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀባሁና ጫማውን ወደ ጎን አድርጌ ሌላ ሥራ ጀመርኩ።

"ለምን አታጣብቀውም?" አለኝ።

"ገና ነው። ጣት ላይ መያዙን ሲተው ነው የሚጫነው።"

በርጩማ ስቦ ቁጭ አለና ጠበቀ። ስጭነው በደንብ አየኝ። "መጠበቅ የሚችል ሰው ስፈልግ ነበር፤ ነገ ከዚራ ና" አለኝ። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ደሞዙ ከጫማው ገቢ ያነሰ ነበር፣ ሚስቴም አኮረፈች፤ ያ ታሪክ እዚህ ላይ ይብቃ።

ሰውዬው ጋሽ ወርቁ ነበር። የከዚራ ልጅ ነው፤ አባቱም እሱም የባቡር ሠራተኞች፣ እሱ ወርክሾፕ ውስጥ አናጢ። ባቡሩ ሲደክም ወደ እኛ የቅርስ ዕቃ ቤት ተዛወረ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አንወድም፤ አንቱ ስለው "ማንን ነው የምትጠራው?" እያለ ወደ ኋላው ይዞር ነበር። እዚህም አንተ እያልኩ ብጽፍለት ንቀት እንዳይመስል። የሠራተኛ ፈረንሳይኛ ነበረችው። ጠዋት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ለተዘረጉት ገሎች "ቦንዡር" ይላቸዋል፤ እኔ ስጣደፍ ደግሞ "ዱስማ፣ ዱስማ" ይለኛል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው።

ገል ከገል መግጠሙ እንዴት እንደሚታወቅ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዓይን ይዋሻል ይል ነበር። መጀመሪያ በጥፍሩ ይመታዋል፤ በደንብ የተቃጠለ ሸክላ ጠርቶ ይጮሃል፣ ያልበሰለው ይታፈናል፣ የአንድ ዕቃ ገሎች ድምፃቸው ይመሳሰላል። ከዚያ የተሰበረውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ ጣት የማይሰማውን ሻካራ ከንፈር ይሰማዋልና። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። የእውነት ሲገጥሙ "ጭ" የምትል አንዲት ትንሽ ድምፅ አለች። እሷን ድምፅ ለመስማት ስንት ጊዜ ፈጀብኝ! የገጠሙትን ከደቻቱ ወንዝ አምጥተን በወንፊት በነፋነው የአሸዋ ሣጥን ውስጥ ይተክላቸዋል። በመጨረሻም በአናጢ ቀይ እርሳሱ፣ በውስጥ በኩል፣ ሁለቱን ገሎች የምታቋርጥ አጭር መስመር ያሰምራል። በኋላ ሲጣበቁ መስመሯ ቀጥ ካለች ልክ ነው፤ ከተዛነፈች ስህተት አለ ማለት ነው።

የሁሉ የበላይ ሕጉ ግን ሌላ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን የኮላውን ሣጥን ይቆልፍና ቁልፉን ለዘበኛው ይሰጣል። ምክንያቱ ጫት ነው። ከምሳ በኋላ ድሬ በርጫ ላይ ናት፤ እኛም በዕቃ ቤቱ የኋላ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን እንቅም ነበር፣ ጋሽ ወርቁም በዚህ ከማንም አያንስም። ቆየት ሲል ምርቃናው ይመጣል። ልብ ይሞቃል፣ አንደበት ይፈታል፣ ያልገባህ ነገር ሁሉ ይገባሃል። "ከምርቃና በኋላ ሁሉም ገል ይገጥማል" ይለኝ ነበር። "ስለዚህ ከሰዓት አሸዋ ላይ መሞከር ይቻላል፣ ማጣበቅ ግን የጠዋት ሥራ ነው።" ይህ ሕግ ስንት ጊዜ ከጉድ አውጥቶናል መሰላችሁ! ከሰዓት የሱልጣን ጽዋ ነው ብለን የተቃቀፍንበት ነገር ጠዋት ሲታይ የድስት ክዳን ሆኖ ያድራል።

ግዙፎቹም እንደዚያው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሐርላዎች ተራ ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴዎች፣ አንጥረኞች፣ ዛጎልና ዶቃ ከባሕር ማዶ የሚያስመጡ። መንደሩ ላይ የተደረገውን ቁፋሮ የመራችው ፕሮፌሰርም ከመቃብራቸው የወጣው አጥንት ቁመቱ እንደ እኔና እንደ እናንተ መሆኑን ነግራናለች። ከሰዓት ግን፣ ያ ጀማዓ፣ ከሰዓት ግዙፎች ናቸው! ዘበኛው ጉንጩን ወጥሮ "ታዲያ ያንን ሁሉ ድንጋይ ማን ቆለለው፣ እናንተ ናችሁ?" ይላል። እኔም ጠዋት ከፕሮፌሰሯ ጋር፣ ከሰዓት ከዘበኛው ጋር ሆኜ ኖርኩ።

ሁልጊዜ ዕቃ ቤት ብቻ አልተቀመጥኩም። አንድ ሰሞን ዋሻ ውስጥ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ዕቃ ተሸካሚም ምግብ አብሳይም ሆኜ ተልኬ ነበር። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ላሞች ተሥለዋል፣ ሻኛ የሌላቸው ላሞች። አቦ፣ እዚህ አገር ሻኛ የሌለው ላም ማን አይቶ ያውቃል? ከብት የሚያግዱት ሰዎች ጂን ነው የሣለው አሉኝ፤ ተመራማሪዎቹ ያኔ ከብቱ እንዲያ ነበረ አሉኝ። ሁለቱም ሲናገሩ ምንም ጥርጣሬ የለባቸውም። መሀላቸው ቆሜ ወጥ የማማስለው እኔ ብቻ ነኝ የምጠራጠረው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው የግዙፍ ጥርስ ነው ብሎ በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ጋሽ ወርቁ ምላሱን ነካ አደረገበት። አጥንት ከሆነ ምላስ ላይ ይለጠፋል፣ ድንጋይ ከሆነ አይለጠፍም። "ድንጋይ ነው ወንድሜ" አለው። ሰውየው ግን ፍንክች አላለም። "አዎ፣ ድንጋይ ሆነዋል ተብሎ የለም እንዴ!" አለና ጥርሱን ጠቅልሎ ሄደ። ጋሽ ወርቁ ያን ቀን ሙሉ ጭንቅላቱን ሲያክ ዋለ።

አለቆችም ተፈራረቁብን። አንዱ ግድግዳ ሲያስቀባ ኖሮ ሄደ፣ አንዱ ዕቃ ቤቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይገባው ተዛወረ። ሦስተኛው ግን ለሥራው ፍቅር ነበረው፤ ችግሩ ትልቅ ነገር ይወዳል። "እንግዳ ሲመጣ ምን ላሳየው? ይህን ሁሉ ፍርፋሪ?" እያለ ይነጫነጭ ነበር። እንስራው የመጣው በእሱ ዘመን ነው።

እንስራው የወጣው ከአዴ ሙሚና እርሻ ነው። አዴ ሙሚና በዚያ መንደር የምትኖር ባል የሞተባት ገበሬ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች። እጇ የወንድ እጅ ነበር፣ ድንጋይ ስትለቅም የኖረች ሴት። ቁፋሮው ላይ ውኃ ሳመላልስ በኦሮምኛ ታጫውተኝ ነበር፤ እኔ ባማርኛ ልጻፈው።

"የዳቦውን ሰርግ ሁሉም ያወራዋል" አለችኝ አንድ ቀን። "ድሃዋን ሴትዮ ግን የሚያወራት የለም። በድርቁ ጊዜ አንድ እንግዳ ሽማግሌ ውኃ ሲለምን ሁሉም ከለከሉት። እሷ የቀረቻትን ውኃ ከነእንስራው ሰጠችው። ሲጠጣ የእንስራውን አንገት በእጁ ያዘው፤ ሸክላው እንደ ሊጥ ለሰለሰና የአራት ጣቱ ምልክት ቀረበት። ሌላው ሁሉ ድንጋይ ሲሆን እሷ ተረፈች። እኛ የእሷ ልጆች ነን፣ እናቴ ነግራኛለች፣ ለእናቴም እናቷ።"

መንደሩ ግን አያምናትም። "ሙሚናን እንስራ ወለዳት" እያሉ ይስቁባታል። አዴ ሙሚና ከእናቷ የወረሰችው መሬትም ከብትም የለም፤ የወረሰችው ይህን ወሬ ነው። እንግዲህ ከገዛ እርሻዋ ውስጥ የትልቅ የውኃ እንስራ ገሎች ሲወጡ ምን እንደሆነች አስቡት። ከዚያ ወዲህ ቀፊራ በወጣች ቁጥር ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ከዚራ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ "ተሰፋ?" ትለኛለች። ጫማ ሰፊ እንደነበርኩ ሰምታ ነው። "አብሽሪ አዴ፣ ይሰፋል" እላታለሁ። ሆዱን፣ ትከሻውን፣ ከንፈሩን አገኘን። አንገቱ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ቀረ።

ያን ከሰዓት በደንብ አስታውሰዋለሁ። ቅመናል። ቬንትሌተሩ መብራት ሄዶ ቆሟል። ጠረጴዛ ላቃልል ብዬ ከሌላ ጉድጓድ የወጡ ገሎች ያሉበትን ሣጥን ሳነሳ፣ አንዱ ገል አራት ጎድጎድ ጎድጎድ ያሉ ነገሮች አሉት። ለጋሽ ወርቁ ሰጠሁት። በጥፍሩ መታው። በከንፈሩ አሳለፈው። ዓይኑን ጨፈነና አሸዋው ውስጥ ወደቆመው እንስራ አስጠጋው።

ጭ።

ሁለታችንም ሰማናት። ጋሽ ወርቁ ቀዩን መስመር አሰመረ። "ሱብሃነላህ" አልኩ እኔ። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እሱም "ሱብሃነላህ" አለ። በዚያች ቅጽበት በሩ ላይ "ተሰፋ?" የሚል ድምፅ ሰማን።

መደበቅ ነበረብን? እስከ ነገ ጠዋት ጠብቂ ማለት ነበረብን? ማን ያስችለዋል! አዴ ሙሚና ቅርጫቷን አስቀምጣ ተጠጋች። አራት ጣቷን በአራቱ ጎድጓዳ ላይ አኖረች፤ ሞላቻቸው፣ ልክክ አለች። "ኩን ኬኛ" አለች፣ ይህ የእኛ ነው ማለቷ ነው፣ ደግማ ደጋግማ አለችው፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ጋሽ ወርቁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄዳ መንደሩን በሙሉ ስትዞር አመሸች።

በማግስቱ ጋሽ ወርቁ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብሎ ገና ከመግባቱ አለቃችን ደረሰ። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ እንስራው ለትርኢት መቆም አለበት፣ አናታችን ላይ ቆሞ አልሄድም አለ። ከታች ጀመርን። ሆዱን አጣበቅን፣ ጠበቅን። ትከሻውን አጣበቅን፣ ጠበቅን። የአንገቱን ዙሪያ ዘጋን። ባለ አራት ጣቱን ገል ለመጨረሻ አስቀርተነው ነበር፣ እንደ ዘውድ ልንጭነው።

አልገባም።

የፀጉር ያህል ነው የጠበበው። እሱ ሞከረ፣ እኔ ሞከርኩ፣ ከውጭ ሞከርን፣ ከውስጥ ሞከርን። ቀዩ መስመር ተዛንፏል። ጋሽ ወርቁ ወንበር ላይ ቁጭ አለና መነጽሩን አወለቀ።

"ምርቃና ነው" አለ። "ሙክታር፣ ምርቃናው ነው የተጫወተብን።"

"ጋሼ፣ ድምፁን ሰምቼዋለሁ እኮ!"

"እኔም ሰምቼዋለሁ። ምርቃና ማለት እሱ ነው።"

ደግሞም ገሉ የወጣው ከሌላ ጉድጓድ ነው፣ ከእርሻዋ ግርጌ። ምን ብዬ ልከራከር? ወደ ሣጥኑ መለስነው። ክፍቱን በነጭ ጄሶ ሞላነውና እንስራው ለትርኢት ቆመ። አለቃው ደስ አለው፤ እንግዶቹም ፎቶ ተነሡበት።

አዴ ሙሚና በሚቀጥለው የገበያ ቀን ብቻዋን አልመጣችም። እንስራ ወለዳት እያሉ የሚስቁባትን ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። "አሁን እዩ" ብላ ይዛቸው ገባች፤ ጣቷን ልታኖር እጇን ዘረጋች፤ ነጭ ጄሶ። እጇ አየር ላይ ቀረ። እንደምንም ብዬ አስረዳኋት። ጫቱን ስነግራት አንደኛዋ ጎረቤት ሳቋ አመለጣት። "ጫት የገጠመው እንስራ!" አለች።

አዴ ሙሚና አልተቆጣችም። እኔን ብቻ ነበር የምታየው። "ከሰዓት ነው አልከኝ፣ ጠዋት አይደለም አልከኝ። ያው አንተ ነህ። የትኛውን ልመንህ፣ የጠዋቱን ነው የከሰዓቱን?" አለች። እንስራውን አንዴ አየችው። "ኬኛ ሚቲ" አለች፣ የእኛ አይደለም ብላ ቅርጫቷን አነሳች። ከዚያ ወዲህ ከዚራ አልመጣችም። ቀፊራ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። መንደሩ አዲስ ስድብ አገኘ። እሷም የድሃዋን ሴትዮ ነገር ማውራት እንደተወች፣ ለልጅ ልጆቿ እንኳ ትንፍሽ እንዳላለች ከሰው ሰማሁ።

ጋሽ ወርቁ ጫት ተወ። ዝም ብሎ ተወ፤ ለምን ብለው ሲጠይቁት "በቃኝ" ብቻ ነው። በረንዳው ቀዘቀዘ፤ ግዙፎቹም አብረው ጠፉ። ጡረታ ወጥቶ ብዙም አልቆየ፣ አረፈ። ምርቃና እንዳሳሳተው አምኖ ነው የሞተው።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ ሄለን ጠራችኝ። ሄለን የአሁኗ የዕቃ ቤት ኃላፊ ናት፣ ይህንኑ የዕቃ ጥገና ተምራ የመጣች፣ ልጄ ልትሆን የምትችል፤ ሙያዋን አክብሬላታለሁ። "አባ ሙክታር፣ እንስራው ሊፈርስ ነው" አለችኝ። የድሬ ሙቀት ኮላውን አላልቶት ሆዱ ዘምሟል። ወድቆ ከሚደቅቅ ብለን ራሳችን ልንፈታው ተስማማን። ጥጥ በአሴቶን እየነከርን መጋጠሚያዎቹ ላይ እየጠቀለልን፣ ቤቱ የጥፍር ቀለም እስኪሸት፣ ገሎቹን አንድ በአንድ ለቀቅናቸው። ከዚያ እሷ ያለ ኮላ አሸዋ ላይ እንያቸው አለች። ጠዋት ነው። ጫት ደግሞ ደም ግፊቴን አይቶ ሐኪም ከከለከለኝ ቆይቷል።

አንገቱ ጋ ስንደርስ እግሬ በራሱ ወደዚያ ሣጥን ወሰደኝ። ባለ አራት ጣቱ ገል እዚያው አለ። ዓይኔን ጨፍኜ አስጠጋሁት።

ጭ።

"ሰማሽ?" አልኩ።

"ምኑን?"

ባትሪ አብርቼ በውስጥ በኩል አየሁ። የጋሽ ወርቁ ቀይ መስመር ከአንዱ ገል ወደ ሌላው ቀጥ ብላ ተሻግራለች። እንደ ሕፃን ጮህኩ። ሄለን ጎንበስ ብላ አየች፣ ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ወዲያው ገባት። "ስታጣብቁ ከታች አንዷ ገል ትንሽ ዘንበል ብላለች" አለችኝ። "በዓይን አይታይም፤ ግን ስህተቱ በእያንዳንዷ ገል እየተጨመረ ላይ ሲደርስ ክፍቱን ያጠብበዋል። የመጨረሻዋ ገል ውጭ ትቀራለች። ዙሪያውን ከመዝጋታችሁ በፊት መግባት ነበረባት፤ በማንም ይደርሳል። የሌላ ጉድጓድ የተባለውም እርሻው ተዳፋት ስለሆነ ነው፣ ጎርፍ ወደ ግርጌ ወስዷታል።"

"ታዲያ ጋሽ ወርቁ ልክ ነበረ?"

"ከሰዓት ልክ ነበረ። የተሳሳታችሁት ጠዋት ነው።"

ቁጭ አልኩ። ዕድሜ ልካችንን የጠበቅነው ከሰዓቱን ነው፤ ስህተቱ ግን በጠዋቱ በር ገባ። ከስንት ጉድ ያወጣን ሕግ እሱ ራሱ ጉድ ሠራን! ጠዋት የሆነ ነገር ይሳሳታል ብሎ ማን ጠረጠረ? በሕጉም፣ በዚያ አለቃም፣ በራሴም ተናደድኩ፣ በማን መናደድ እንዳለብኝ ግን እስካሁን አልለየልኝም። ለጋሽ ወርቁ አለቀስኩለት፤ ያቺን ጭ የምትል ድምፅ ሰምቶ ራሱን ሳያምን ነው የሄደው።

ሄለን ውኃ ሰጠችኝና የሚቀረውንም አልደበቀችኝም። "አባ ሙክታር፣ ገጠመ ማለት ግን ተረቱ እውነት ነው ማለት አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቷ የተጫነችው ነው፤ ለማማር ወይም ለመያዣ እንዲመች።" ልክ ናት፣ አውቃለሁ። ይኸው እንደገና ግራ ገባኝ፦ ገሉ ገጥሟል፤ ምን ከምን እንደገጠመ ግን ማን ይንገረኝ?

ብቻ አንድ ነገር አልጠፋኝም። መንደሩ ሄድኩ። አዴ ሙሚና ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷ አልቋል፣ ድምፄን ግን አወቀችው። "ደግሞ ምን ልትለኝ መጣህ?" አለች። ለረጅም ጊዜ እምቢ አለች። የልጅ ልጇ ፈቲያ፣ ያገባች ሴት ናት፣ "እማማ፣ እኔ እወስድሻለሁ፣ ምን ይጎዳሻል?" ብላ እያባበለች በባጃጅ ይዛት መጣች።

በሩ ላይ ቆማ "ተሰፋ?" አላለችም። "ጠዋት ነው?" አለች።

"ጠዋት ነው አዴ።"

"ቅመሃል?"

"ኸረ የለም! ሐኪም ከልክሎኛል።"

"ልጅቷስ?"

ሄለን ሳቋን ዋጥ አድርጋ "እኔ ጭራሽ አልቅምም" አለች።

እጇን ይዤ የእንስራው አንገት ላይ አደረስኩት። ጣቶቿ ጎድጓዶቹን ፈልገው አገኙና ገቡ፤ ግን አልሞሏቸውም። ያኔ ልክክ ያሉት ጣቶች አሁን ከስተው እዚያ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። አሁን ኬኛ ሚቲ ትላለች፣ አበቃልኝ አልኩ። አዴ ሙሚና ጣቶቿን በጎድጓዶቹ ውስጥ አንቀሳቀሰች፣ አወጣች፣ መልሳ አስገባች። ከዚያ ድዷ እስኪታይ ሳቀች።

"ሰፋኝ" አለች። "ግዙፎች ነበሩ ይላሉ። ኸረ እኛ ነን እያነስን የሄድነው!" ቀጥላም ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል፣ "ኩን ኬኛ" አለች።

ሄለን ስለ ሸክላ ሠሪዋ ነገረቻት፣ በአክብሮት፣ ሳትቀንስ። አዴ ሙሚና በጥሞና ሰማቻት። "ሴት ናት አልሽ? እሺ፣ ሴት ከሆነች እሷም የእኛ ናት" አለችና እንስራውን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገችው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

ደግፌ እስከ ባጃጁ ሸኘኋት። ከተቀመጠች በኋላ እጄን አልለቅ አለች። "ሙክታር፣ ያኔ አልመለስክልኝም። የጠዋቱን ልመን የከሰዓቱን?"

"ሁለቱንም እመኚ አዴ።"

ራሷን ነቀነቀችና ለቀቀችኝ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ወደ ፈቲያ ዞራ "የድሃዋን ሴትዮ ነገር ነግሬሽ አውቃለሁ?" ስትላት ሰማሁ።

"አላውቀውም እማማ፣ ንገሪኝ" አለች ፈቲያ፤ ባጃጁም ወደ ቀፊራ ታጠፈ።